በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ወደ ሥዕል የምንመራው እንዴት ነው?

የአፈር ተማሪ

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአፈር መሸርሸር ላይ የማዘጋጀውን የ2ኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። ካርታዎች፣ ግራፎች፣ በመስክ ያነሳኋቸው ፎቶግራፎችና ሰንጠረዦች አሉኝ። አማካሪዬ የ4ኛውን ምዕራፍ ረቂቅ አንብበው ሲመልሱልኝ ብዙውን ምልክት ያደረጉት በሥዕሎቹ ላይ ሳይሆን አንባቢውን ወደ ሥዕሎቹ በምመራባቸው ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። እኔ ዘወትር የምጀምረው «ኤዝ ኢት ኢዝ ሾውን ኦን ዘ አበቭ ፊገር 4.2» እያልኩ ሲሆን፣ ይህንኑ አባባል ከእኔ በፊት በተጻፉ ብዙ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥም አገኘዋለሁ። አማካሪዬ «ኢት»ንም፣ «ኦን»ንም፣ «አበቭ»ንም ሰርዘው፣ በጎኑ ላይ «ሥዕሉ ምን ያሳያል?» ብለው ጽፈውበታል።

ሰዋስዉን አስተካክሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ከሥሩ መረዳት እፈልጋለሁ። ሥዕሉ የሚጠቀሰው ከመታየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሙሉውን «ፊገር» ብዬ ልጻፍ ወይስ «ፊግ» ብዬ ላሳጥር? በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ በቃላት ልድገመው? ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

አርታኢ ከአራት ኪሎ

አማካሪዎ በጎኑ ላይ የጻፉት ጥያቄ ከሦስቱ ስረዛዎች ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

በእኛ አገር በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የጥናት ሥራዎች ውስጥ እጅግ የተለመደው ጉድለት ሥዕሉ መጠቀሱ ብቻ በቂ ተደርጎ መወሰዱ ነው። ጸሐፊው «ፊገር 4.2 በተዳፋትነትና በአፈር መታጠብ መካከል ያለውን ግንኙነት ያሳያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጽፍና ወደሚቀጥለው ሥዕል ያልፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር የነገረን ነገር ቢኖር ሥዕሉ ስለ ምን እንደሆነ ነው፤ ያንን ደግሞ ከሥዕሉ ጋር ያለው መግለጫ አስቀድሞ ተናግሮታል። ግንኙነቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አፈሩ ከየትኛው የተዳፋት መጠን በኋላ በብዛት መታጠብ እንደጀመረ፣ ከዚህ አካሄድ ያፈነገጠ ቦታ መኖር አለመኖሩ ሁሉ ለአንባቢው ተትቷል። ምስክር ጠርቶ ስለ ምን እንዲመሰክር እንደተፈለገ ሳይናገሩ ችሎቱን ጥሎ እንደ መውጣት ነው።

ጥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ግኝቱን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያደርገውና ሥዕሉን በቅንፍ ያስከትለዋል። በእርስዎ ጉዳይ፣ ለምሳሌ «ተዳፋትነቱ ከ15 በመቶ ባለፈባቸው ማሳዎች የታጠበው አፈር በእጥፍ ጨምሯል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ከነጥቡ በፊት በቅንፍ ውስጥ ፊገር 4.2 ብለው ቢያመለክቱ፣ አንባቢው ወደ ሥዕሉ የሚሄደው የሚፈልገውን አውቆ ነው። ዓይኑ በቀጥታ ከ15 በመቶ ምልክት ላይ ያርፋል። ካመነ ይመለሳል፤ ካላመነም የሚከራከረው ከተወሰነ አባባል ጋር ይሆናል። (ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ያመጣሁት ነው፤ የእርስዎን ያስገቡበት።)

ሌላው ጥያቄዎ ስለ መድገም ነበር። በሰንጠረዥ ወይም በግራፍ የቀረበውን ቁጥር ሁሉ በቃላት መልሶ መዘርዘር ገጽ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም። «ከላይ በሰንጠረዥ 4.1 እንደተመለከተው ከመላሾቹ ይህን ያህል በመቶ ወንዶች፣ ይህን ያህል በመቶ ሴቶች ናቸው» እያሉ አንድን ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ከሥዕሉ ውስጥ ክርክርዎ የቆመበትን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ያውጡ፤ የቀረውን ሥዕሉ ይሸከመው። ስለ እርሱ የሚናገሩት አንድም ቁም ነገር ያጡለት ሥዕል ካለ ደግሞ ከጽሑፉ መውጣት ያለበት ሥዕል ነው።

የቋንቋ መምህር

አርታኢው ዋናውን ነገር ስለተናገሩ እኔ በሦስቱ ስረዛዎች ላይ አተኩራለሁ፤ እነዚህ ስሕተቶች የሚመጡት ከስንፍና ሳይሆን ከአማርኛ አወቃቀር ስለሆነ ምክንያታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

«እንደሚታየው» ስንል ባለቤቱ በግሱ ውስጥ አለ፤ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ያ ባለቤት የጎደለ ስለሚመስለን «ኢት» እንጨምርለታለን። እንግሊዝኛ ግን በዚህ ቦታ ባለቤት አይፈልግም፤ ትክክለኛው «ኤዝ ሾውን ኢን ፊገር 4.2» ወይም «ኤዝ ካን ቢ ሲን ኢን ፊገር 4.2» ነው። «ኦን» የመጣውም «በሥዕሉ ላይ» ከሚለው አባባላችን ነው። እንግሊዝኛ በሥዕል፣ በሰንጠረዥና በግራፍ የቀረበን ነገር በ«ኢን» ይገልጻል። «ኦን» የሚገባው ስለ ገጽ ወይም ስለ ካርታ ስንናገር ነው፤ አንድ ከተማ ካርታ «ላይ» ይገኛል፤ ካርታው በቁጥር ሲጠራ ግን እንደገና «ኢን ፊገር 3.1» እንላለን።

ቁጥር ያለው ሥዕል እንደ ተጸውዖ ስም ስለሚቆጠር «ዘ» አይቀድመውም። «ዘ ፊገር 4.2» የሚል አጻጻፍ የለም። ቁጥሩ ሲቀር ግን «ዘ ፊገር» ማለት ግዴታ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሥዕሎች በአንድነት ሲጠቀሱ ስሙ ብዙ ቁጥር ይሆናል፤ ግሱም አብሮት ይለወጣል፦ «ፊገርስ 4.2 ኤንድ 4.3 ሾው»።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉ አሁንም በገጹ ላይ ስላለ የሚያሳየው በአሁን ጊዜ ነው፤ የተለካው ነገር ግን አልፏል። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሾውስ» የሚለውን የአሁን ግስ «ኢንክሪዝድ» የሚል ያለፈ ግስ ቢከተለው ተማሪዎቼ እንደሚያስቡት መዛነፍ የለበትም፤ እንዲያውም ትክክለኛው እርሱ ነው።

በግስ ምርጫ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግራፍ ያሳያል፣ ያነጻጽራል፣ ይገልጻል፤ አይከራከርም፣ አይደመድምም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «አያረጋግጥም»። «ፕሩቭስ» የሚለውን ግስ ከግራፍ ጋር ያያያዘ ጸሐፊ ሥዕሉ ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም ጭኖበታል። «ክሊርሊ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ነገሩ ግልጽ ከሆነ ቃሉ አያስፈልግም፤ ግልጽ ካልሆነም ቃሉ ግልጽ አያደርገውም።

ኤሌክትሪክ መሐንዲስ

አርታኢው በሰጡት ምክር መሠረታዊ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ግኝትን አስቀድሞ ሥዕልን በቅንፍ ማስከተል ለሁሉም ሥዕል የሚሠራ አይመስለኝም። በእኛ ሙያ ብዙዎቹ ሥዕሎች ግኝት አያቀርቡም። የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ፣ የሥርዓት ፍሰት፣ የመሣሪያ አቀማመጥ ናቸው። «ፊግ 1 የተቆጣጣሪውን አጠቃላይ አሠራር ያሳያል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እርስዎ እንደነቀፉት ባዶ ቢመስልም፣ አንባቢው ቀጥሎ የሚመጡትን ሁለት ገጾች ከንድፉ ጋር እያመሳከረ እንዲያነብ መንገድ የሚከፍት ነው።

አርታኢ ከአራት ኪሎ

ትክክል ነዎት፤ ልዩነቱ መገለጽ ነበረበት። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብ ሥዕልና ማብራሪያ ሆኖ የሚቀርብ ሥዕል የተለያየ አጠቃቀስ ይፈልጋሉ። የጥናት አካባቢ ካርታ፣ የመሣሪያ ንድፍ ወይም የናሙና አወሳሰድ ሥዕል ሲሆን ሥዕሉን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ተገቢ ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ጸሐፊው አንባቢውን ከሥዕሉ አንድ ክፍል ወደ ሌላው እያዘዋወረ፣ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ፊደላትና ምልክቶች በጽሑፉ ውስጥ እየጠራ መምራት አለበት። በንድፍ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ምልክት አድርገው በጽሑፉ ውስጥ አንዱንም ሳይጠሩት የሚያልፉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው።

የመጻሕፍት ጎተራ

ይህ ውይይት ደስ ስላሰኘኝ ከታሪኩ ጥቂት ልጨምር፤ ዛሬ ደንብ የምንላቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከማተሚያ ቤት አሠራር የተወለዱ ናቸውና።

በመዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕልና ከእርሳስ ብረት በተሠሩ ፊደላት የተደረደረ ጽሑፍ በአንድ ማተሚያ በአንድ ጊዜ ሊታተሙ አይችሉም ነበር። ፊደሉ ቀለም የሚይዘው በወጣው ገጹ ላይ ነው፤ የመዳቡ ቅርጽ ግን ቀለሙን በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ይይዝና ወረቀቱን በኃይል የሚጫን ሌላ ዓይነት ማተሚያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥዕሎቹ ለብቻቸው በተለየ ወረቀት ታትመው በመጽሐፉ መጨረሻ ይጠረዙ ወይም በገጾቹ መካከል ይገቡ ነበር። ጠራዡ እንዳይሳሳት «ከዚህ ገጽ ትይዩ የሚገባ» የሚል ማሳሰቢያ በሥዕሉ ላይ ይታተም ነበር። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ጸሐፊው «ከታች ያለው ሥዕል» ሊል አይችልም፤ ከታች ምንም የለማ! የነበረው መንገድ «ፕሌት 4፣ ፊግ 2» ብሎ (ፕሌት ለብቻው የታተመው የሥዕል ገጽ ነው) በቁጥር መጥራት ብቻ ነበር። በእንጨት ላይ የሚቀረጸው ሥዕል ግን እንደ ፊደሉ ከፍ ያለ ገጽ ስላለው ከጽሑፉ ጋር በአንድ ገጽ መታተም ይችል ነበር፤ «ከላይ» እና «ከታች» ማለት ትርጉም የሚኖረውም እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ነው።

አንባቢን ወደ ሥዕል በመምራት ረገድ ሁለት አርአያዎችን ላንሳ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ በ4ኛው ምዕራፍ የተቀመጠ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ ላይ የሚወጣ የሚታጠፍ ንድፍ። ዳርዊን ንድፉን ጠቅሶ አላለፈውም። ከኤ እስከ ኤል ያሉት ፊደላት በአንድ ወገን ውስጥ ያሉ ዝርያዎችን እንደሚወክሉ፣ በአግድም መስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሺህ ትውልድ ሊባል እንደሚችል፣ ነጠብጣብ መስመሮቹ ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ እየነገረ አንባቢውን በብዙ ገጾች ይመራዋል። ንድፉን ያለ ጽሑፉ ብታዩት ጭረት ብቻ ነው። መሐንዲሱ ላነሱት የማብራሪያ ሥዕል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ሚያዝያ 25 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ያወጡት፣ ከአንድ ገጽ ጥቂት የሚበልጥ ጽሑፍ ነው። የዲኤንኤን ቅርጽ ያስተዋወቀው ይህ ጽሑፍ ያለው አንድ ሥዕል የክሪክ ባለቤት ኦዲል ክሪክ የሳለችው ሲሆን፣ ቁጥር እንኳ የለውም። ጸሐፊዎቹ አወቃቀሩ በአንድ ዘንግ ዙሪያ የተጠመዘዙ ሁለት ሰንሰለቶች እንዳሉት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ በኋላ በቅንፍ «ንድፉን ይመልከቱ» ብለው ብቻ ያልፋሉ፤ አርታኢው እንዳሉት አባባሉ ቀድሞ ሥዕሉ ይከተላል። በሥዕሉ ሥር ያለው መግለጫ ደግሞ ሥዕሉ ንድፍ ብቻ መሆኑን፣ ሁለቱ ጥብጣቦች የትኞቹን ሰንሰለቶች፣ አግዳሚ ዘንጎቹ የትኞቹን ጥንዶች እንደሚወክሉ ይናገራል። ሥዕሉ ምን እንዳልሆነ መናገርም አንባቢን የመምራት አካል መሆኑን ከዚህ እንማራለን። በዚያው እትም የወጣው የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የሬይመንድ ጎስሊንግ ጽሑፍ የኤክስሬይ ፎቶግራፉን ይዟል፤ ያኛው ማስረጃ፣ ይህኛው ማብራሪያ ነው።

ድምፅ አንባቢ

«ከላይ» እና «ከታች» ስለሚሉት ቃላት የተነሳውን ከሌላ ወገን ልመልከተው። እኔ ዓይነ ስውር ስሆን የማነበው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው። «ከላይ በቀኝ ያለውን ሥዕል ተመልከት» የሚል ዓረፍተ ነገር ለእኔ ወደ የትም አይመራም፤ «ፊገር 4.2» የሚል ግን በፍለጋ ላገኘው የምችለው ስም ነው። በድረ ገጽ ተደራሽነት ዙሪያ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ እትሙ ጀምሮ መመሪያዎች በቅርጽ፣ በመጠን ወይም በአቀማመጥ ላይ ብቻ ተመሥርተው እንዳይሰጡ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕል በጽሑፍ የተጻፈ አማራጭ መግለጫ እንዲኖረውም ይጠይቃል። ዎርድም ሆነ ሌሎች የጽሑፍ ፕሮግራሞች ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ ስላላቸው መመረቂያ ጽሑፋችሁን በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ስታስገቡ እባካችሁ ባዶ አትተዉት።

አርታኢው የሰጡት ምክር ለእኔ ከማንም በላይ ይጠቅመኛል። ግኝቱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከተነገረኝ ሥዕሉን ባላየውም የክርክሩ ተካፋይ ነኝ። «በፊገር 4.2 እንደሚታየው ውጤቱ አስደናቂ ነው» ከተባልኩ ግን ከበር ውጭ ቀርቻለሁ።

የሚያዩ አንባቢዎችንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። «ቀዩን መስመር ተመልከት» የሚል ጠቋሚ ቀይና አረንጓዴን ለማይለዩ ሰዎች አይሠራም። ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ውስጥ 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህን መሰል የቀለም እይታ ችግር አለባቸው። ጽሑፉ በጥቁርና ነጭ ሲባዛም፣ እንደምታውቁት አብዛኛው የሚባዛው በዚያ መልክ ነው፣ ችግሩ ለሁሉም ይደርሳል። መስመሩን በስሙ ወይም «የተቆራረጠው መስመር» በሚል መለያ መጥራት ይሻላል።

የቋንቋ መምህር

ስለዚህ አስተያየት በጣም አመሰግናለሁ። ከሰዋስው አንጻር የምጨምረው አንድ ነጥብ አለኝ፤ «ዘ አበቭ ፊገር» በእንግሊዝኛ የሚሠራበት አባባል ሲሆን፣ «ዘ ቢሎው ፊገር» የሚለውን ግን ብዙ አርታኢዎች አይቀበሉትም፤ «ዘ ፊገር ቢሎው» ብለው ያርሙታል። ቁጥሩን ከጠሩ በኋላ «ፊገር 4.2 ቢሎው» ማለትም ትርፍ ነው። ቁጥር ካለ አቅጣጫ አያስፈልግም።

አርታኢ ከአራት ኪሎ

የተማሪያችን «ፊገር ወይስ ፊግ» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። መልሱ የሚወሰነው በምትከተሉት የአጻጻፍ ሥርዓት ነው።

በማኅበራዊ ሳይንስና በትምህርት ጥናት የሚሠራበት የኤፒኤ ሥርዓት ቃሉን ሳያሳጥር፣ በትልቅ ፊደል ጀምሮ ይጽፋል፤ «ከላይ ያለው ሥዕል» ወይም «በገጽ 32 ያለው ሥዕል» ከማለትም ይከለክላል፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ሲታተም ቦታውም ገጹም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ የሥዕሉ ቁጥርና ርእስ ከሥዕሉ በላይ ይቀመጣሉ፤ በቀድሞው እትም ከሥዕሉ በታች ስለነበሩ የቆየ ናሙና የሚከተሉ ተማሪዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። መሐንዲሱ የሚሠሩበት የአይትሪፕልኢ ሥርዓት በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እንኳ ሳይቀር «ፊግ» ብሎ ያሳጥራል፤ ሰንጠረዦችንም በሮማ ቁጥር ይቆጥራል። በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ጥናት የሚሠራበት የኤምኤልኤ ሥርዓት በቅንፍ ውስጥ በትንሽ ፊደል «ፊግ» ሲል፣ የቺካጎ ሥርዓትም በጽሑፉ ውስጥ ትንሽ ፊደል ይጠቀማል። ፕሎስ የሚባሉት መጽሔቶች «ፊግ» ብለው ያሳጥሩና ከምሕጻረ ቃሉ በኋላ ነጥብ አያደርጉም። ከእነዚህ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ትክክል አይደለም፤ ስሕተት የሚሆነው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው። የዩኒቨርሲቲዎ መመሪያ የራሱ ደንብ ካለው እርሱ ይቀድማል።

ቅደም ተከተልን በሚመለከት ሥርዓቶቹ አይለያዩም ማለት ይቻላል። ሥዕል የሚቆጠረው በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሰበት ተራ ነው፤ መጀመሪያ ይጠቀሳል፣ ቀጥሎ በቅርብ ቦታ ይታያል። ያልተጠቀሰ ሥዕል አይኖርም።

ላቴክ ተጠቃሚ

ቁጥሮቹን በእጅ እየጻፉ ለሚደክሙ ሁሉ፦ እባካችሁ ይህን ሥራ ለኮምፒውተሩ ተዉለት። በዎርድ «ሪፈረንስስ» በሚለው ክፍል «ኢንሰርት ካፕሽን» ብላችሁ መግለጫውን አስገቡ፤ በጽሑፉ ውስጥ ሥዕሉን ስትጠቅሱ ደግሞ ከዚያው ክፍል «ክሮስ ሪፈረንስ» የሚለውን ተጠቀሙና መለያውንና ቁጥሩን ብቻ የሚያስገባውን ምረጡ። በመካከል አዲስ ካርታ ሲጨመር ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ኤፍ9 የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ሁሉም ይታደሳል። በላቴክ (ጽሑፍን በትእዛዞች በሚያሰናዳው ፕሮግራም) የምትሠሩ ከሆነ «ሌብል» የሚለው ትእዛዝ ከ«ካፕሽን» በኋላ መምጣት አለበት፤ ቀድሞ ከመጣ የሥዕሉን ሳይሆን የክፍሉን ቁጥር ይሰጣችኋል። ይህ ስሕተት የማስጠንቀቂያ መልእክት ስለማያወጣ ሳይታይ እስከ ኅትመት ሊደርስ ይችላል።

በሁለቱም ፕሮግራሞች «ፊገር» ከሚለው ቃልና ከቁጥሩ መካከል የማይሰበር ክፍተት አድርጉ፤ ቃሉ በመስመር መጨረሻ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር እንዳይወርድ። በዎርድ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የክፍተት ቁልፉን በአንድነት መጫን ነው።

ለአይኤልትስ ተዘጋጅ

ጥያቄዬ ከመመረቂያ ጽሑፍ የራቀ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ) የአካዳሚክ ፈተና የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ አንድን ግራፍ ወይም ሠንጠረዥ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢያንስ በ150 ቃላት መግለጽ ነው። እዚያ ሥዕሉ ቁጥር የለውም። እንዴት ነው የሚጠራው?

የቋንቋ መምህር

ሥዕሉ አንድ ብቻ ስለሆነና ፈታኙም ስለሚያየው «ዘ ግራፍ»፣ «ዘ ባር ቻርት»፣ «ዘ ማፕ» ብሎ በዓይነቱ መጥራት ይበቃል። ሁለት ከሆኑ «ዘ ፈርስት ቻርት»፣ «ዘ ፓይ ቻርት» እያሉ መለየት ይቻላል። የጥያቄውን ቃል እንዳለ መገልበጥ ግን አይጠቅምም፤ ጥያቄው «ከታች ያለው ግራፍ» ስለሚል «ቢሎው» የሚለውን ቃል ወደ መልሳቸው የሚያስገቡ አሉ፤ በእርስዎ ወረቀት ላይ ግን ከታች ምንም ግራፍ የለም። ፈተናው ዋና ዋናዎቹን ገጽታዎች መርጠው እንዲያቀርቡና እንዲያነጻጽሩ በግልጽ ስለሚጠይቅ፣ አርታኢው ቁጥርን ሁሉ ስላለመዘርዘር የተናገሩት እዚህም ይሠራል።

የአፈር ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምዕራፉን እንደገና እየጻፍኩ ነው፤ ግኝቱን ማስቀደም የክርክሬን ድክመት ጭምር እያሳየኝ ነው፤ በሁለት ግራፎች ሥር ምን ልበል ብዬ ሳስብ የምለው በማጣቴ ወደ አባሪ አዛውሬያቸዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ስለ ፎቶግራፎቹ ነው። አንድን ቦረቦር በክረምትና በበጋ ያነሳኋቸው ሁለት ፎቶግራፎች አሉኝ። ለየብቻ ቁጥር ልስጣቸው ወይስ በአንድ? በአንዳንድ ጽሑፎች ፎቶግራፎች «ፕሌት» ተብለው ለብቻ ሲቆጠሩም አይቻለሁ።

አርታኢ ከአራት ኪሎ

«ፕሌት» የሚለው የመጻሕፍት ጎተራ ከተረኩት ዘመን የተረፈ ስያሜ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎ መመሪያ ካላዘዘ በቀር ካርታውንም፣ ግራፉንም፣ ፎቶግራፉንም «ፊገር» ብለው በአንድ ተራ ይቁጠሩ። ወደ አባሪ የወሰዷቸው ግራፎች በኤፒኤ ሥርዓት «ፊገር ኤ1»፣ «ፊገር ኤ2» እየተባሉ ይቆጠራሉ፤ ከዋናው ጽሑፍም እነርሱን የሚጠቅስ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጥፋ።

ሁለቱ ፎቶግራፎች ዋጋ የሚኖራቸው ጎን ለጎን ሲታዩ ስለሆነ አንድ ቁጥር ሰጥተው «ኤ» እና «ቢ» ብለው ይክፈሏቸው። በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱንም በአንድነት ከመጥራት ይልቅ እያንዳንዱን ከሚደግፈው ሐሳብ አጠገብ ያስቀምጡት፦ በበጋ የቦረቦሩ አፋፍ የቆመ መሆኑን ሲናገሩ በቅንፍ ፊገር 4.5ኤ፣ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ መናዱን ሲናገሩ ፊገር 4.5ቢ። የተነሱበትን ወር፣ ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫና ለመጠን ማነጻጸሪያ ያቆሙት ነገር ካለ ርዝመቱን በመግለጫው ውስጥ ይጻፉ። አንባቢው የአፋፉን መናድ ከእርስዎ ጋር የሚያየው ሁለቱ ፎቶግራፎች ከአንድ ቦታ የተነሱ መሆናቸውን ሲያውቅ ነውና፣ ከአንድ ቦታ ካልተነሱ ይህንኑ በመግለጫው ላይ በግልጽ ያስፍሩ።